ሽማግሌው ለምን ዛሬ ተናገሩ?

ጥያቄው ትንሽ አጥሮ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ጨረስኩ። 310 ገጽ ነው። ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ይጀምራል። አንድ ሽማግሌ ለአንዲት የ27 ዓመት ጋዜጠኛ ስለ 1969 እና 70 ይተርኩላታል። ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ገጽ 28 ላይ ነው። ረቂቁን ያነበበልኝ ጓደኛዬ ‹ካፌውን ቆርጠሽ ጣይው፣ ቀጥታ ታሪኩ ውስጥ ግቢ› አለኝ። እኔ ደግሞ ሽማግሌውን እወዳቸዋለሁ። ልቁረጥ? ካልቆረጥኩስ በየስንት ገጹ ወደ ካፌው ልመለስ? ደግሞ ‹አንድ ሰው የሦስት መቶ ገጽ ወሬ ቃል በቃል እንዴት ያስታውሳል?› ቢሉኝ ምን ልመልስ?»

እህቴ፣ ጓደኛሽም ልክ ነው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ላስታርቃችሁ ብዬ አይደለም። 28ቱ ገጽ ይቆረጥ። ሽማግሌው ይቆዩ። ግን አሁን ባሉበት ሁኔታ አይቆዩም።

መጀመሪያ በስሙ እንስማማ። ታሪክ ውስጥ ሌላ ታሪክ ሲተረክ፣ የውጭኛውን አቃፊ ታሪክ፣ የውስጠኛውን ታቃፊ ታሪክ እላለሁ። ብዙ ጀማሪ ይሄን ከምልሰት ጋር ያምታታዋል። ምልሰት ላይ ማንም ለማንም አያወራም። ገጸ ባህርይዋ ዝናቡን በመስኮት እያየች ልጅነቷን ታስታውሳለች፣ በቃ። አቃፊ ታሪክ ላይ ግን አፍ አለ፣ ጆሮም አለ። አንድ ሰው ለሌላ ሰው እየነገረ ነው። የሚናገር ሰው ደግሞ ይመርጣል፣ ይደብቃል፣ ያጋንናል። የሰሚውን ፊት እያየ መንገድ ይቀይራል። አንቺ ጋ ይሄ ሁሉ የለም። ሽማግሌሽ የሚናገሩት ልክ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሬዲዮ ነው። ጋዜጠኛዋ ተነስታ ብትሄድም የሚያቆሙ አይመስሉም።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አያትሽ «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለሽ መልሰሻል። ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። ጅቡና ጦጣው ከእነዚህ ሁለት በሮች መሀል ናቸው። ልብ በይ፣ «የላም በረት» የሚለው ከሰሚው ነው የሚመጣው። ልጆቹ ዝም ካሉ አያት አይቀጥሉም። እንቅልፍ ወስዷቸዋል ማለት ነው፣ ብርድ ልብሱን አልብሰው ይነሳሉ።

በጽሑፍም ቢሆን ቤታችን ውስጥ አለ። ክብረ ነገሥትን ብዙ ሰው የሚያውቀው የሳባዋ ንግሥትና የሰሎሞን ታሪክ አድርጎ ነው። ገልጠሽ ስታነቢው ግን መጀመሪያ የምታገኚው ማክዳን አይደለም። የምታገኚው 318ቱን ሊቃውንት ነው። እዚያ መሀል አሥራ አምስት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ የነበረው ጎርጎርዮስ አለ። የነገሥታት ክብር በምን እንደሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሲያወጣ ሲያወርድ የነበረውን ይናገራል። ከዚያ ምዕራፍ 19 ላይ የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ብድግ ይልና፣ በቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመጻሕፍቱና ከንጉሡ ንብረት መሀል አንድ መጽሐፍ አገኘሁ ይላል። ንግሥቲቱ የምትመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ ደግሞ ይስሐቅ የሚባል ሰው ብቅ ብሎ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እንዴት እንደተመለሰ ይነግርሻል።

ቁጠሪው። ጉባኤ፣ ጉባኤው ውስጥ የተገኘ መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ውስጥ ታሪክ፣ ከሁሉም ውጭ ተርጓሚ። ይሄ እንግዲህ የ14ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። «ልብ ወለድ ውስጥ ልብ ወለድ» ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚሉ ወጣቶች ሲያጋጥሙኝ ወደዚህ መጽሐፍ እመራቸዋለሁ።

ያ ሁሉ ሽፋን ለምን አስፈለገ? «ማን አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። 318 ሊቃውንት ፊት የተነበበ ነገር ተራ ወሬ አይሆንም። አቃፊው እዚያ ላይ እንደ ማኅተም ነው የሚሠራው፣ ታሪኩን ያስከብረዋል።

ዛሬ ግን ይሄ «እመኑኝ» የሚለው አገልግሎቱ ሳስቷል። የልብ ወለድ አንባቢ ማኅተም አይጠይቅም። ለዚህ ነው «አያቴ ሲሞቱ ሳጥናቸው ውስጥ አሮጌ ደብተር አገኘሁ» የሚለው አጀማመር ሲመጣ እጄ የሚዝለው። ደብተሩ በየረቂቁ እየተገኘ አስቸግሮኛል። ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ሁልጊዜ ይነበባል፣ አይጥ የበላው ገጽ እንኳ የለውም። ያንቺ ሽማግሌም ሌላ መልክ ይኑራቸው እንጂ ያው ደብተሩ ናቸው። ታሪኩን ይዘው መጡ፣ አስረከቡ፣ አለቀ።

አሁን የሸህርዛድን ነገር አስቢ። የአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ንጉሥ ያገባትን ሴት ሁሉ በማግስቱ ያስገድላል። ሸህርዛድ ታሪክ ትጀምርለታለች፣ ንጋት ላይ ልብ ሰቅላ ታቋርጠዋለች። የታሪኩን መጨረሻ ለመስማት አንድ ቀን ያቆያታል። ታሪኩ ካለቀ አንገቷም አለቀ። ስለዚህ ውስጥ ያለው ተረት ስለ ዓሣ አጥማጅ ቢሆን፣ ስለ ጂኒ ቢሆን፣ እኛ የምንፈራው ለእሷ ነው። አቃፊው የራሱ ግጭት አለው ማለት ይሄ ነው።

አንቺ ካፌ ውስጥ እንሞክረው። ሽማግሌው «ዛሬ አልናገርም» ቢሉ ምን ይሆናል? ጋዜጠኛዋ ሒሳብ ከፍላ ትሄዳለች። ማኪያቶው ብቻ ነው የከሰረው። ጓደኛሽን የሰለቸው ይሄ ይመስለኛል። የገጹ ብዛት አይደለም። እዚያ ካፌ ውስጥ ማንም ምንም የሚያጣው ነገር ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ወደ ሽማግሌው ከመሄድሽ በፊት ሰሚዋን አስተካክያት። ለምን እሷ? ለምን ዛሬ? «ጋዜጠኛ ስለሆነች» መልስ አይደለም። ጋዜጠኛ ነገ ሌላ ሼባ ፈልጋ ታገኛለች። እኔ ብሆን ሪከርደሯን እነጥቃትና ዕድሜዋን ከ27 ወደ 46 ከፍ አደርገዋለሁ። አቃፊሽ 2016 ላይ ስለሆነ፣ በ1970 ተወለደች ማለት ነው። አየሽ፣ እንዲህ ስትሆን ታሪኩ ራሱ የእሷ ሆነ። አባቷን አታውቅም። የአባቷ ስም ያለበት ቤት ሊፈርስ ነው፣ ለካሳው የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋታል፣ ለዚያ ደግሞ ፍርድ ቤት ቆሞ «አውቃታለሁ» የሚል ምስክር። ሽማግሌው ምስክሯ ናቸው።

ያንቺ አጀማመር እንዲህ ነበር፦

«ሽማግሌው ማኪያቷቸውን ፉት አሉ። ዓይናቸው ወደ ሩቅ አየ። ‹ልጄ፣ ያ ዘመን ክፉ ነበር› አሉ በረጅሙ ተንፍሰው። ጋዜጠኛዋ ሪከርደሯን አበራች።»

እኔ በግርድፉ እንዲህ ሞከርኩት፦

«‹ሌሎቹ ምስክሮች እሺ ብለዋል። እርስዎ ብቻ ቀሩኝ።›
ወረቀቱን ሳያዩት አጥፈው መለሱላት።
‹ምን ችግር አለው። ነገ ጠዋት ቆሜ እምላለሁ። የእሱ ልጅ ናት እላለሁ።›
‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።›
‹ቆይ አታመስግኚኝ። ቁጭ በይ። ከመማሌ በፊት የምትሰሚው ነገር አለ። ከሰማሽ በኋላ ምስክርነቴን ካልፈለግሽው ይቅር።›»

የኔ ይበልጣል አልልም፣ በሩጫ ነው የጻፍኩት። ግን አንባቢ አሁን ሁለት ነገር ይጠብቃል። ነገ ይምላሉ አይምሉም? እሷስ ሰምታ ምን ታደርጋለች? ከዚህ በኋላ የ1969ን ታሪክ መቶ ገጽ ብትወስጂው ይከተልሻል። ለዚህ 28 ገጽ አያስፈልግም። ሦስት ይበቃል፣ አራት ካልሽ አልጣላሽም።

ሌላው ነገር። ሽማግሌሽ በጣም ጥሩ ሰው ናቸው። ይሄ ችግር ነው። ዊዘሪንግ ሃይትስ የሚባለውን የኤሚሊ ብሮንቴን ልብ ወለድ (እ.ኤ.አ. 1847 የታተመ ነው) ያነበብሽ እንደሆነ፣ ታሪኩን ለተከራዩ ለሎክዉድ የምትነግረው ኔሊ ዲን የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት። ላይ ላዩን ስትነበብ ኔሊ ታማኝ ናት። ቀስ ብለሽ ስታይ ግን በታሪኩ ወሳኝ ቦታ ላይ እጇ አለበት። የቤቱ ልጅ ካትሪን፣ አብሯት ያደገውን ሂትክሊፍን ማግባት ያዋርደኛል ስትል እሱ ጥግ ተቀምጦ ሰምቶ ወጥቶ ይሄዳል። ኔሊ አይታዋለች። በሰዓቱ ግን ለካትሪን አልነገረቻትም። ይሄን ሁሉ ደግሞ የምትነግረን ራሷ ናት፣ በራሷ አፍ፣ ራሷን ሳትወቅስ። አንባቢ በታሪኩ ሲያዝን ተራኪዋንም በጎን ዓይኑ ማየት ይጀምራል።

ያንቺ ጋሼ በ1970 ምን አደረጉ? ረቂቁ ላይ ምንም። አዩ፣ አዘኑ፣ ተረፉ። ለአርባ ስድስት ዓመት ዝም ያሉበት ምክንያት ግን መኖር አለበት። የግድ ጠቋሚ ይሁኑ አላልኩም፣ እሱ ደግሞ ሌላ የተለመደ መንገድ ነው። ማንኳኳት ሰምተው ያልከፈቱ ይሁኑ። ወይ መልእክት ተቀብለው አንድ ቀን ያዘገዩ። ትንሽ ነገር ይሻላል። ሰው ትንሽ ጥፋትን ነው ዕድሜ ልኩን የሚሸከመው፣ ቢያንስ እኔ የማውቃቸው ሰዎች እንደዚያ ናቸው።

አሁን ስለ ቦታው። ረቂቅሽ «ፒያሳ» ይላል እንጂ ካፌው ቦሌ ቢሄድ አንድ ዓረፍተ ነገር አይቀየርም። ይሄ ያስቆጫል፣ ምክንያቱም በእጅሽ ያለውን ሀብት አላየሽውም። የውስጡ ታሪክሽ ግማሹ ዶሮ ማነቂያ ነው የሚካሄደው። እዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ ሥጋ ቤቱ አለ፣ ልጁ በአጥር ዘሎ ያመልጣል። አቃፊሽ ደግሞ 2016 ላይ ነው። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። ሽማግሌው የሚናገሩለት መንገድ የለም። የሚናገሩት ግን እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብለው ነው!

እኔ አራት ኪሎ ነው የምሠራው። አንዳንድ ቀን በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ጊዮርጊስ በእግሬ እወጣለሁ። ከኔ የሚበልጡ ሰዎች በእጃቸው ባዶ አየር እያመለከቱ «እዚህ ጋ እኮ…» ሲሉ እሰማለሁ። አብሯቸው ያለው ወጣት እጁን ነው የሚያየው፣ ሌላ የሚያየው ነገር የለማ። የአቃፊና የታቃፊ ታሪክን ነገር ክፍል ውስጥ አንድ ሴሚስተር ከማስረዳት ይሄን አንድ ጊዜ ማሳየት ይቀላል።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄሽ እዚህ ላይ ይመለሳል። በየስንት ገጹ ወደ ካፌው ልመለስ አልሽ። በገጽ አይለካም። ጭራሽ ካፌ ውስጥ ለምን ይቀመጣሉ? አስነሺያቸው። ከጊዮርጊስ ጀምረው ይሂዱ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ ጋ ይቁሙ፣ ቁልቁል ወደ ድልድዩ ይውረዱ። እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ይቆማሉ። የሚቆሙት ግን ስለደከማቸው ነው ወይስ ቀጥሎ ያለውን ማውራት ስላልፈለጉ? እሷም አታውቅም። ወደ አቃፊው የምትመለሽው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ማውራቱ ራሱ ሲከብድ፣ ወይም ሰሚዋ «ቆይ፣ ቅድም እንደዚህ አላሉም» ስትል። ምንም ሳይለወጥ «አስተናጋጁ ሁለተኛ ማኪያቶ አመጣ» ለማለት ብቻ ከሆነ አትመለሺ። ረቂቅሽ ላይ ማኪያቶው ዘጠኝ ጊዜ መጥቷል። የሽማግሌው ልብም ያሳስበኛል።

ፍራንከንስታይንን (እ.ኤ.አ. 1818) በዚህ ዓይን አንብቢው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊልም ስለሆነ ሽፋኖቹን አያውቃቸውም። ውጭ ላይ ዋልተን አለ፣ ወደ ሰሜን ዋልታ እየቀዘፈ ለእህቱ ደብዳቤ የሚጽፍ። ከበረዶ ላይ ያነሳው ቪክቶር ፍራንከንስታይን፣ ፍጡሩን የፈጠረው ሰው፣ ታሪኩን ይነግረዋል። ቪክቶር ታሪክ ውስጥ ደግሞ የፈጠረው ፍጡር በራሱ አፍ ይተርካል። መሀል ላይ፣ ሁሉም ሽፋን ካለቀ በኋላ የምትሰሚው የጭራቁን ድምፅ ነው፣ ከጠበቅሽው በላይ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ። ከዚያ ተመልሰሽ ስትወጪ ዋልተን ያው ዋልተን አይደለም። መርከቧ በረዶ ውስጥ ናት፣ መርከበኞቹ እንመለስ ይላሉ፣ እሱም ሳይወድ ይመለሳል። ያን ውሳኔ ከቪክቶር ታሪክ ነጥለሽ ልታነቢው አትችይም። ሰሚው የሰማው ነገር እላዩ ላይ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የማስታወሱ ነገር። ደራሲው ጆሴፍ ኮንራድ ይሄን የመሰለ ክስ ቀርቦበታል። ሎርድ ጂም (እ.ኤ.አ. 1900) ውስጥ ተራኪው ማርሎው ከእራት በኋላ ለተቀመጡ ሰዎች የመጽሐፉን ትልቁን ክፍል ይተርካል። ተቺዎች ሰው ይሄን ሁሉ ሰዓት አያወራም፣ ሌላውም ቁጭ ብሎ አይሰማም አሉ። ኮንራድ በኋላ በጻፈው መቅድም ላይ፣ የማርሎው ክፍል ጮክ ተብሎ ቢነበብ ከሦስት ሰዓት በታች ይፈጃል ብሎ መለሰላቸው። ቀልዱም ቁም ነገሩም ደስ ይለኛል። እኛ አገር ደግሞ ሦስት ሰዓት ምን አላት? ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው ከዚያ በላይ ሰምቷል።

ምልልሱን ቃል በቃል ማስታወሳቸው አያስጨንቅሽ። አንባቢ ያንን ይቅር ይላል፣ የቆየ ስምምነት ነው። ይቅር የማይለው ሌላ ነገር ነው። ገጽ 140 ላይ ሽማግሌው እስር ቤት ውስጥ የሆነውን፣ መርማሪው ሲጋራውን በየትኛው እጁ እንደያዘ ሳይቀር ይተርካሉ። እዚያ አልነበሩም! በሁሉን አወቅ ተራኪ ብትጽፊው ማንም አይጠይቅሽም። አፍ ከሰጠሻቸው በኋላ ግን ዓይናቸው ያላየውን እንዴት አወቁ? ሁለት መንገድ አለሽ። «ይሄን የነገረኝ አብሮት የታሰረ ሰው ነው» ይበሉ፣ ያ ሰውም ይታይ። ወይም አያውቁት። «እዚያ ውስጥ ምን እንደሆነ አላውቅም። የማውቀው ሲወጣ ነጠላ ጫማ አድርጎ እንደነበረ ነው» ይበሉ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ለልጅየዋ ከመርማሪው ሲጋራ ይልቅ ያቺ ነጠላ ጫማ ትበልጣለች።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ውስጠኛውን ታሪክ በትእምርተ ጥቅስ አትክበቢው። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ «» ውስጥ ‹› እየከተትሽ አንባቢንም ራስሽንም ታደነቁሪያለሽ። ምዕራፍ ቀይሪና በአንደኛ መደብ በእሳቸው ድምፅ ጻፊው፣ ይገባናል። በየአንቀጹ «ልጄ ሆይ» ማለት ደግሞ ድምፅ አይደለም። ድምፅ ማለት ምን እንደሚያስተውሉ ነው። ልብስ ሰፊ ነበሩ ካልሽ፣ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ኮሌታውን ይዩ።

አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ፣ ቁረጪ ማለት ስለሚቀናኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ደራሲ ረቂቁን ሰጠኝ። አንዲት ሴት ለሟች ወንድሟ መቃብር ላይ ቁጭ ብላ የምትናገረው ታሪክ ነበር። እኔ ጎበዙ «ይሄ መቃብር ምን ያደርጋል፣ ያዘገያል» ብዬ አስወጣሁት። መጽሐፉ ታተመ። በኋላ አንድ አንባቢ «ይቺ ሴት ለምንድን ነው ሁሉንም እያለሳለሰች የምትናገረው?» ብሎ ጻፈልን። ለሟች ስለምትናገር ነበራ! ወንድሟን እንዳታስቀይም ነበር የምታለሳልሰው። ምክንያቱን እኔ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ደራሲውን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እሱም ችሎኛል፣ ግን ሌላ ረቂቅ አልሰጠኝም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው። አቃፊውን አውጥቼ የውስጡን ብቻ ሁለት ሦስት ምዕራፍ አነባለሁ። ምንም ካልጎደለ ይውጣ። የሆነ ዓረፍተ ነገር «ይሄን ለምን እንዲህ አለው?» ካሰኘኝ፣ መልሱ አቃፊው ውስጥ አለ ማለት ነው፣ ይቆያል። አንቺም ሞክሪው፣ ግን ሰሚዋን ከቀየርሽ በኋላ። አሁን ብትሞክሪው ምንም አይጎድልም፣ ጓደኛሽ አሸነፈ ማለት ይሆናል።

መጨረሻው ላይ ካፌው ውስጥ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። እሱን ተዪው። በማግስቱ ችሎት አስገቢያቸው። እሷ የኋላ ወንበር ላይ ናት። ዳኛዋ «አመልካችን እንዴት ያውቋታል?» ይሏቸዋል። መጽሐፉን እዚያ ላይ ዝጊው፣ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይመልሱ። የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሆነ አሁን አላውቅም፣ አንቺም ገጽ 300 ሳትደርሺ አታውቂውም።

የሽማግሌውንም ስም ቀይሪ። ረቂቁ ውስጥ ሦስት ጋሽ ተፈራ አሉ፣ አንዱ ሞቶ ገጽ 212 ላይ ቡና ይጠጣል።